ሱሱን የተወ ጓደኛችን ከሰዓት በኋላውን የት ይዋል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ በደስታችን ቀን ስለ ሱስ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ቅር ያሰኝ ይሆናል። በዓል ሲከበር ስለ ተመረቁት፥ ስለ ተሸለሙትና ስለ ኳስ ቡድናችን መናገር የተለመደ ነው፤ ስለ እነርሱም ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን በሚገባ አስረድተዋል። እኛ የመረጥነው ስማቸው በሽልማት መዝገብ ላይ ስለማይገኝ፥ ነገር ግን ከመካከላችን ጠፍተው ከርመው አሁን አንድ በአንድ ወደ ክፍላቸው በመመለስ ላይ ስላሉት ተማሪዎች ነው። ጫቱን፥ መጠጡን ወይም ሲጋራውን ትተው ተመልሰዋል። ሱስ ለምን ያዛቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ ተነግሮበታል። የእኛ ጥያቄ፥ ከተዉ በኋላ ከማን ጋር ይዋሉ? የሚል ነው።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከእነዚሁ ልጆች ጋር ተነጋግረናል። ስማቸውን እንዳንጠራ ቃል ስለ ገባን አንጠራም። ለየብቻቸው ብናነጋግራቸውም የነገሩን ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ አስገርሞናል። ሰውነት ይታገላል፤ ሀራራው ያቅበጠብጣል፥ ዱካኩም ሌሊት ሌሊት ያስጨንቃል፥ ቀን ቀን ድካምና መከፋት ይጫናል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ እያደር ይበርዳል። ወራት ቆይቶ የማይለቀው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣው ባዶነት ነው። በዚያ ሰዓት እግራቸው የለመደውን መንገድ ይፈልጋል፤ የለመዱትን መንገድ ከተዉት ደግሞ የሚሄዱበት ሌላ ቤት የላቸውም።

ነገሩ እንዲገባን የጫትን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ሆኖ አእምሮን የሚያነቃቃው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሊቃውንት ለይተው ያገኙትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ጫት እንደ እህል ተገዝቶ በጎተራ አይቀመጥም፤ በቅጠል ተጠቅልሎ፥ በአይሱዙ ተጭኖ እየበረረ፥ ከአወዳይም ይሁን ከወንዶ፥ ሳይጠወልግ ከቃሚው እጅ መድረስ አለበት። ቅጠሉ የማይቀመጥ በመሆኑ ሰዎቹም በየቀኑ መገናኘት አለባቸው። በርጫ የሚባለው ጉባኤ የተሠራው በዚህ ነው።

በርጫውንም እንደ ጉድጓድ ብቻ አድርገን ብንሥለው እውነቱን አንናገርም። ምንጣፍ ተነጥፎ፥ ውሃና ኦቾሎኒ ቀርቦ፥ ጫማ አውልቀው ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር ይቻላል፤ ቤት ይሠራል፥ ውጭ አገር ይኬዳል፥ የማትሪክ ውጤትም ሰማይ ይነካል። (በማግስቱ የተሠራው ቤት የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ የለም።) ከገጠር መጥቶ በኪራይ ክፍል ብቻውን ለሚኖር ልጅ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር አለው፤ የመቀመጫ ቦታ አለው፥ ቅጽል ስም አለው፥ አንድ ቀን ቢቀር ደግሞ የት ጠፋህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለው። በክፍላችን ውስጥ ለሦስት ሳምንት ሲቀር የጠየቀው ስንት ሰው ነበር? ሱስን የሚተው ልጅ ቅጠሉን ብቻ አይተውም፤ መቅረቱን የሚያስተውልለትን ብቸኛ ጉባኤም ይተዋል።

ሽማግሌዎች ለእንዲህ ያለው ልጅ፥ ጓደኛህን ለውጥ ብለው ይመክሩታል። ምክሩ እውነት ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደ መጣች አባቶቻችን የተናገሩትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በዚህ በተከበረ ጉባኤ ፊት ልንጨርሰው እናፍራለን። ይሁን እንጂ ጊደሪቱ ከአህያዋ ስትለይ በየትኛው መስክ እንደምትሰማራ የነገራት የለም።

ቦታና ባልንጀራ በሱስ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከሩቅ አገር እናምጣ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በዚያ አገር እንደ ልብ ይገኝ የነበረውን ሄሮይን ለምደው ነበር። በ1971 ዓ.ም. ወደ አገራቸው መመለሳቸው መንግሥታቸውን ስላሠጋው፥ ሊ ሮቢንስ የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ተመላሾቹን አጠኑ። ወደ ከመቶ 20 የሚጠጉት በቬትናም ሳሉ ሱሰኞች እንደ ነበሩ ተናገሩ። ከእነዚህ ውስጥ ግን በተመለሱበት በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሰኛ የሆኑት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ውጤቱን ለማመን ተቸግሮ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አንልም፤ በአገራቸው ሄሮይኑ ውድ ነበር፥ ነውሩም ብዙ ነበር። ሆኖም ሱስ ያስያዛቸውን ሰፈርና አብረዋቸው ያጨሱትን ሰዎች ውቅያኖስ ማዶ ትተው መምጣታቸው ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

የእኛ ጓደኛ ዕድል የዚህ ተቃራኒ ነው። ውቅያኖስ የለውም። ከሐኪም ቤት ወይም ከዘመድ ቤት ሲመለስ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው፤ ጫት ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር የራቀ አይደለም፥ ሻጭዋም በስሙ ታውቀዋለች፥ ምናልባት ዱቤም አለበት። ዛሬ ደግሞ ጥሪው እስከ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ የድሮዎቹ ባልንጀሮች የቴሌግራም ቡድን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ላይ ይጮኻል። ያነጋገርናቸው ልጆች ሁሉ መጀመሪያ ያደረጉት ሥራ ከዚያ ቡድን መውጣት ነው። አንደኛው ስልክ ቁጥሩን ጭምር ለወጠ። እኛም እጅግ አስተዋይ ሥራ ነው እንላለን፤ ፈሪ ያሉት ቢኖሩም።

ከስልኩ የሚከብደው ግን ፊት ለፊት የሚመጣው ግብዣ ነው። በአገራችን የቀረበልንን ነገር እንቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ከገበታው ላይ ተምረነዋል። አንድ ጉርሻ አይበቃም፤ አልፈልግም ማለት እንኳ ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ መልስ አይታይም። ቃሚም ይህንኑ ልማድ ይጠቀምበታል፤ ከፊቱ ካለው ቀንጠብ አድርጎ ጀባ ሲል፥ አንድ ቀንበጥ ምን ታደርግሃለች ሲል፥ ልጁ የሚመልሰው ፍቅርን የገፋ እየመሰለው ነው። ቀስ ብሎም ሌላ ስምምነት ይፈጠራል፤ ጫቱን ትቻለሁ፥ ማታ ለጨብሲ ብቻ ብቅ እላለሁ ይላል። ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው ቢራ ያለ ምርቃና ሲጠጣ ወዴት እንደሚወስድ ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፥ እዚህ ላይ ስለ እናንተም ጥቂት እንናገር ዘንድ ፍቀዱልን። በሠርግ ላይ፥ በማኅበር ላይ፥ በዓመት በዓል ቀን ጠላውንና ጠጁን እየቀዳችሁ በሞቴ የምትሉት እናንተ ናችሁ። ቃሉ የፍቅር ቃል መሆኑን እናውቃለን። መጠጥ ትቶ አራተኛ ወሩን ለያዘ ልጅ ግን በእናቱ ወይም በአክስቱ ሞት መማል ማለት፥ ከሱስና ከቤተ ዘመድ አንዱን ምረጥ ማለት ነው። ብርዝ አለ፤ ሻይ አለ፤ ቡናም አለ። ሳይጠየቅ በፊት ብርጭቆውን በብርዝ ሞልቶ ከፊቱ ማኖር ልጁን በሰው ፊት ከመከራከር ያድነዋል። ከአንዲት እናት እንዲህ ያለውን ብልሃት ሰምተናል፤ ልጅዋ ለእንግዶች ቀጂ እንዲሆን ሳይሆን በር ላይ ቆሞ ጫማና ጃንጥላ እንዲቀበል አደረገችው። ሥራ ያለውን ሰው ማንም አይጋብዘውም።

ለመሆኑ ልጁ የድሮ ጓደኞቹን ሁሉ መጣል አለበትን? በዚህ ላይ እኛ ራሳችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ሁሉንም ይቁረጥ አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ከሕፃንነት ጀምሮ አብሮት ያደገውን፥ አባቱ ሲሞት አብሮት ሦስት ሌሊት ያደረውን ሰው ቃሚ ነው ብሎ መጣል ጭካኔ ነው አልን። የደረስንበት መለኪያ የሚከተለው ነው። ያን ጓደኛ ጫት በሌለበት ሰዓት ይጥራው፤ በጠዋት ኳስ ሜዳ እንሂድ፥ ወይም እናቴ ታማለች አብረን እንጠይቃት ይበለው። የመጣ እንደ ሆነ ያ ሰው የልጁ ጓደኛ ነው፤ በየጊዜው ምክንያት እየሰጠ ቢቀር የቅጠሉ ጓደኛ ነበር ማለት ነው። ከመጣውም ጋር ቢሆን የመገናኛው ቦታና ሰዓት በልጁ ምርጫ ይሁን እንጂ ወደ ድሮው ቤት ለሰላምታ እንኳ አይግባ። መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ሦስት ሰዎችን ያስቀርለታል፥ ይህም ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጓደኛ ግን ራሱም የተወው ሰው ነው። በግንቦት ወር 1935 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የተባለ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረ ሰው፥ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት፥ ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ለንግድ ጉዳይ ሄደ። ጉዳዩ ከሸፈ፤ በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ከመጠጥ ክፍሉ የሚወጣውን ሣቅ ይሰማል። ያን ጊዜ ስልክ አንሥቶ ወደ አብያተ ክርስቲያናት እየደወለ፥ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲፈልጉለት ለመነ። ያገናኙትም ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ነበር። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ መጣ፤ ሲነጋገሩ ግን ብዙ ሰዓት አለፈ። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ንግግር ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ተወለደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን ዊልሰን የደወለው በመጀመሪያ ራሱን ለማዳን መሆኑ ነው። የተወ ሰው የሚያዝንለት ብቻ ሳይሆን የሚፈልገውም ሰው ያሻዋል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ውስጥ ካለፈው ዓመት የተመለሰ ልጅ ዘንድሮ የተመለሰውን ቢይዘው፥ ሁለቱም አትራፊዎች ናቸው።

የዚሁ የዊልሰን ሚስት ሎይስም ታሪክ ለወላጆች የሚጠቅም ነው። ለዓመታት ባልዋን ከመጠጥ ልታድን ደክማ ሳይሆንላት፥ እንግዳ ሰዎች በጥቂት ወራት ሲያቆሙት ቅናት ያዛት፤ አንድ ቀንም ወደ ስብሰባው ሲጣደፍ ጫማዋን ወረወረችበት። ኋላ ግን ራስዋን መርምራ፥ በ1951 ዓ.ም. አል-አኖን የተባለውን የቤተ ሰቦች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆና አቋቋመች። በእኛም ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አለ። ልጁ ከተወ በኋላ አባት የሰዓቱን መሸጥ፥ እናት የእቁቧን ገንዘብ መጥፋት አይረሱም፤ መርሳትም አይገባቸውም ይሆናል። ነገር ግን ማታ ማታ ኪሱን መበርበርና ዓይኑን በመብራት መመርመር እምነትን አይመልስም። ይልቅ ትንሽ ነገር ይታመን፤ ለዘይት መግዣ ገንዘብ ይሰጠው፥ መልሱንም ሳይጠየቅ ጠረጴዛው ላይ ያኑር። ልጁም በበኩሉ ቤተ ሰቡ በአንድ ወር ይመነኝ ብሎ መቆጣት የለበትም፤ ሁለት ዓመት የፈረሰ ነገር በአንድ ወር አይገነባም።

ስለ ፍቅር ጓደኝነትም ዝም ብለን ብናልፍ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ይታዘቡናል። ሱስ በተወበት ሰሞን አዲስ ፍቅር መጀመር እጅግ ያምራል፤ የባዶውን ሰዓት ሁሉ ይሞላልና። ነገር ግን ልጂቱ ሐኪምም ጠባቂም አይደለችም። የተወው ለእርስዋ ሲል ከሆነ፥ በተጣሉ ቀን ለማን ሲል ይጸናል? ልጃገረዶችም ብሆንለት ይተዋል እያሉ ትከሻቸውን ከሸክሙ ሥር እንዳያስገቡ እኅቶቻችንን እንለምናለን። ከእኅቶቻችንም መካከል ራሳቸው ከሺሻና ከጫት ጋር የሚታገሉ አሉ፤ ወንዱን ተመከር የሚለው ሰፈር ሴቲቱን ይሰድባታልና ችግራቸውን ይሸሽጋሉ። እነርሱን መምህርቶቻችን በስውር ቢያነጋግሯቸው መልካም ይመስለናል።

አንድ ነገር በአጭሩ እናስጠንቅቅ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም መንቀጥቀጥ፥ አልፎም መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ለሕይወትም ያሠጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ጓደኞቹ ክፍል ዘግተው ሊያድኑት አይሞክሩ፤ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ሲጋራ እንዳይሸጥ መከልከሉን በአጥራችን ዙሪያ ያሉ ባለ ሱቆች ቢያስታውሱ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎች እንመለስ። የተመለሰውን ልጅ መነኮስህ እንዴ እያልን አንቀልድበት። በጫት ቤት የወጣለትን ቅጽል ስም እዚያው እንተውለት፤ አባቱ ባወጣለት ስም እንጥራው። ገንዘብ ከጠየቀን ደብተሩን ወይም ምሳውን እንግዛለት እንጂ ብሩን በእጁ አንስጠው። ከክፍል ቢቀር ለመምህሩ አሞት ነው ብለን አንዋሽለት፤ ይልቅ በዚያው ቀን ቤቱ ድረስ እንሂድ። ምናልባት አንድ ቀን ቢወድቅ፥ ድሮም አውቄ ነበር የምትለዋን ቃል እንዋጣት። ከልጆቹ አንዱ እንደ ነገረን፥ ከአምስት ወር በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ቅሞ ነበር፤ ወደ ድሮው ቤት ጨርሶ ያልተመለሰው በዚያው ማታ ለአንድ የክፍል ጓደኛው ደውሎ ስለ ነገረውና ያም ልጅ ሳይገሥጸው፥ ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ ስላለው ነው። በ1 ሰዓትም መጣ።

የተከበሩ ርእሰ መምህራችን፥ በመጨረሻ ልመናችንን እናቅርብ። ቤተ መጻሕፍታችን በ9 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ የኳስ ሜዳው በርም እንዲሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ለእነዚህ ልጆች ክፍት ሆኖ የሚጠብቃቸው ጫት ቤቱ ብቻ ነው። ሁለቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 12 ሰዓት ክፍት እንዲሆኑልን እንለምናለን። ጥበቃውን፥ መብራት ማጥፋቱንና መጻሕፍቱን ቆጥሮ መመለሱን እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየተራ እንይዛለን፤ የ22 ተማሪዎች ስምና የሚገቡበት ቀን የተጻፈበትን ዝርዝር ዛሬ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክበናል። በዝርዝሩ ላይ ከተመለሱት ልጆች አራቱ አሉበት፤ የማክሰኞን ቁልፍ የሚይዙት እነርሱ ናቸው።